የማንሻው ክንድ

ጥቅምት 8

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እኛ አንቺን ከማጣታችን በቀር ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ባለፈው ሳምንት ጋራዡ ድረስ አምጥቶ ሰጥቶኛል። መልሱ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። የጭነት መኪናው አልመጣም ብዬ እንዳላሳብብ መጥቷል፤ እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ መጻፍ ያቃተኝ። እናንተ ዘንድ ስልክ ቢሠራ ኖሮ ደውዬ በሁለት ደቂቃ እገላገል ነበር። ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግን ማሰብ አይቀርም።

የጠየቅሽኝን ተራ በተራ ልመልስልሽ። የማገዶው ግቢ አለ። እንደነበረ ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ባልሽ ቆርጦ ያመጣል፣ እኔ ከብየዳ ሳርፍ እፈልጣለሁ፣ የሚደረድርና የሚያደርቅ ሰው ግን ጠፋ። እርጥቡና ደረቁ ተደባልቋል። ዳቦ ጋጋሪዋ ትናንት መጥታ፣ "ይሄ እንጨት ምድጃዬ ውስጥ ገብቶ ያለቅሳል፤ ማን ሞቶበት ነው?" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "እህትህ እንጨቱን አንኳኩታ በድምፁ ትለየው ነበር፤ እናንተ ግን..." ብላ ሳትጨርሰው ሄደች።

ባልሽ ደህና ነው። የትምህርት ቤቱን መንገድ ሥራ አገኘ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት አርባ ሁለት አሮጌ ዛፎች ጣራ ላይ አዘንብለዋል፤ ከላይ ወደ ታች እየተከረከሙ መውረድ አለባቸው። የታኅሣሥ ነፋስ ሳይጀምር ይለቅ ተብሏል። የመንገዱ ሥራ ኃላፊ በሁለተኛው ቀን ስሙን ትቶ ልክ እንደ ሰፈሩ ሰው "ጉሬዛ" ማለት ጀመረ። "ዛፍ ላይ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይባላል?" አለኝ። ባልሽም ደስ ብሎታል። ጠዋት ጠዋት ያፏጫል።

ባልሽን በቅርጫት ወደ ዛፉ የሚያወጣውን የማንሻ መኪና ነገር ጠይቀሻል። ትንሽ ብየዳ ፈልጎ ነበር፣ ክንዱ ላይ። ምንም አይደለም። በይጄዋለሁ፣ እየሠራ ነው። ሰው የነገረሽ ካለ አጋንኖ ይሆናል እንጂ ምንም አይደለም።

እማዬን ሳሚልኝ። ስለ እሷ እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 16

ወንድማለም፣

እውነቱን ጻፊ ስላልከኝ እውነቱን ልጻፍ። የእማዬ ዳሌ ቀስ እያለ ይገጥማል አሉ፤ በዚህ ዕድሜ "ቀስ" ማለት ስንት ወር እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ብቻዋን መገላበጥ አትችልም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ "የት ነሽ?" ትላለች። አጥንቷ ተሰበረ እንጂ ምላሷ ደህና ነው። ትናንት አንዷ ጎረቤት ሙሉ ከሰዓት ተቀምጣ፣ "አይዞሽ፣ ትነሻለሽ" ስትላት፣ "የኔን መነሳት ተዪው፤ አንቺ መቼ ነው የምትነሺው?" አለቻት። ጎረቤቲቱ ስቃ ተነሳች። እኔ ማጀት ገብቼ ነው የሳቅኩት። ከሄድኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ወደ አንተ። ባንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ "ምንም አይደለም" ብለሃል። ልጅ ሆነህ የሰው መስኮት ሰብረህ ስትመጣ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ ጠጠሩ ገና እጅህ ላይ እያለ።

ሰው አልነገረኝም። የነገረኝ ባሌ ራሱ ነው፣ ባለመንገሩ። በላከልኝ ደብዳቤ ስለ ዛፎቹ ሁለት ገጽ ሞልቶ ጻፈ፤ የትኛው ውስጡ ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ላይ ንብ እንደሰፈረ። ስለ ማንሻው አንድ ቃል የለም። መኪናው እጁ ከገባ ጀምሮ ከሱ በቀር ሌላ ወሬ የሌለው ሰው ነው። ሰው ስለሚወደው ነገር በድንገት ዝም ሲል ደግ አይደለም።

እኔ የእንጨት ሰው ነኝ፣ ብረት አላውቅም። ስንጥቅ ግን አውቃለሁ። እንጨት ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ላይ ድምፅ የለውም።

አብሬ ያጠፍኳትን ትንሿን ወረቀት ብቻህን ሆነህ አንብባት። አንብበህም አቃጥላት፤ እሱ እጅ እንዳትገባ።

እህትህ


ጥቅምት 25

እታለም፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ትንሿን ወረቀት ብረት ምጣዱ ላይ አድርጌ አቃጠልኳት። ሦስቱንም ጥያቄ እመልሳለሁ።

አንደኛው፣ ክርኑ ላይ ነው። ክንዱ ሲዘረጋ መሐል ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። ቅርጫቱን፣ ቅርጫቱ ውስጥ የቆመውን ሰው፣ የሞተር መጋዙን፣ ሁሉንም የሚሸከመው እሱ ነው። የተሰነጠቀው ከታች በኩል ነው፤ ምድር ላይ የቆመ ሰው ቀና ብሎ ካላየ አያገኘውም።

ሁለተኛው፣ ሁለት ጊዜ በየድኩት። የመጀመሪያው አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ነበር። ፍቄ፣ ከፍቼ፣ እስከ ሥሩ ሞልቼ ነው የበየድኩት፤ በሥራዬ አላፍርም። በሦስተኛው ሳምንት ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ደግሜ በየድኩ። አሁንም መስመሯ መጣች፣ ትንሽ ፈቀቅ ብላ። ብየዳዬ አልተሰነጠቀም፤ አጠገቡ ያለው ብረት ነው የሚሰነጠቀው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በያጅ ሁሉ ያውቃል። ብረቱ ራሱ ደክሟል። የደከመ ብረት መበየድ ያረጀ ጨርቅ እንደመጣፍ ነው፤ ክሩ ይይዛል፣ ጨርቁ ይሄዳል።

ሦስተኛው፣ አዎ፣ ለባልሽ ነግሬዋለሁ።

"ይሄ ነገር ከእንግዲህ ሰው መሸከም የለበትም" አልኩት።

"የበየድከው አንተ አይደለህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ በእጅህ አትተማመንም?"

"በእጄ እተማመናለሁ። በብረቱ ነው የማልተማመነው።"

ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "የቀሩት ሃያ ስድስት ዛፎች ናቸው። እነሱን እንጨርስና ጡረታ እናወጣዋለን" አለ።

ልደብቅሽ ያሰብኩት ግን ይህን አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ስገባ ክርኑ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። ቢጫ፣ አዲስ፣ ገና ያልደረቀ። መስመሯ የለችም። በዚያ ቀን የመንገዱ ሥራ ኃላፊ ማሽኑን ሊያይ ይመጣል ተብሎ ነበር። መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ "ደህና ይዛችሁታል" ብሎ ሄደ። ማን እንደቀባው አልጠየቅኩም። የጉሬዛ አውራ ጣት ጥፍሩ ድረስ ቢጫ ነበር።

ብቻ አንቺ በዚህ እንቅልፍ እንዳታጪ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ብቻ ነው የምንወጣው። እንጨቱን አሁን ለብቻ ለብቻ መደርደር ጀምሬያለሁ፤ ዳቦ ጋጋሪዋም ታርቃናለች።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ወንድማለም፣

ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ከዚያ ቆሜ አነበብኩት። እማዬ "ምን ይላል?" ስትለኝ "ዳቦ ጋጋሪዋ ታርቃቸዋለች" አልኳት። "እሰይ" አለች።

ሹፌሩ በቃል የላክህልኝን ነግሮኛል። ባሌ "ማንሻውን ያስገዛችኝ እህትህ ናት" ማለቱ እውነት ነው። በገመድ ይወጣ በነበረበት ዘመን እኔ ማገዶው ግቢ ተቀምጬ እንጨት ስሸጥ ጆሮዬ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበር። ሰው ሮጦ ሲያልፍ ልቤ ይቆማል። ገዢ "ይሄ እንዴት ነው?" ሲለኝ ምን እንደጠየቀኝ አልሰማም። ስምንት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ፣ ብረት ላይ ቆሞ ሳየው፣ የዚያን ቀን እንደ ሰው ተኛሁ። እንግዲህ ማንሻውን ይግዛ ያልኩት ለዚህ ነው። ይህን ነገር በሱ ላይ ብቻ አልጭነውም።

ከእንግዲህ ግን አትበይድለት። "አልበይድም" በለው። አንተ ካልበየድክ እሱ አይወጣም። ያኮርፍ፤ ማኩረፍ ያውቅበታል፣ ሲበቃው ይተወዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ስለ ነፋሱ ስትጽፍ "የምንወጣው" ብለሃል። "የሚወጣው" ልትል ፈልገህ ነው ብዬ አለፍኩት። ድስቱን ጥጄ፣ እማዬን አገላብጬ፣ ተመልሼ መጥቼ እንደገና አየሁት። በደንብ ተጽፏል፣ አልተሳሳትክም።

ሁለት ሰው ነው ቅርጫቱ ውስጥ የሚቆመው። ሁለተኛው ማን ነው?

እህትህ


ኅዳር 11

እታለም፣

እኔ ነኝ።

ረዳቱ ኃላፊው በመጣ ማግስት ሥራውን ትቶ ሄደ። "ሚስቴ ታማለች" አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ሚስቱን ገበያ ውስጥ አገኘኋት፤ ሁለት ዘንቢል ተሸክማለች። እኔን ስታይ መንገድ ቀየረች። እንግዲህ ጉሬዛ ሲቆርጥ ቅርንጫፉን በገመድ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። አለበለዚያ ጣራ ይሰብራል። ሌላ ሰው ከማስገባ ብዬ ነው እኔ የገባሁት። ብረቱን የበየድኩት እኔ ሆኜ የማላውቀው ሰው ልጅ ላዩ ላይ ቆሞ እኔ ከታች ልመለከት አልችልም።

"አልበይድም" አልኩት፣ እንዳልሽኝ። አላኮረፈም። "ግድ የለም" ብሎ መኪናውን አስነሳና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወደዚያ ችኩሉ ወደምንለው በያጅ ነዳው። ያንን ሰው ታውቂዋለሽ፤ የአጥር በር በይዶ ገና ሳይሄዱ የሚወድቅበት ነው። ስደርስ ቀለሙን እንኳ ሳይፍቅ ላሜራ ሊለጥፍበት ጭምብሉን አውርዷል። እጁን ያዝኩት። መኪናውን መልሼ አመጣሁትና እኔው ፍቄ፣ ከግራም ከቀኝም ወፍራም ላሜራ ደርቤ በየድኩት። ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። እኔ ካልበየድኩ ሌላው ይበይዳል፤ እኔ ከበየድኩ እሱ ይወጣል። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ ማወቅ አቅቶኛል።

ላይ ስንሆን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ላይ ስንሆን ክርኑ ይናገራል። ቅርጫቱ ወደ ግራ ሲዞር አንድ ጊዜ ቀጭ ይላል፤ ጥፍር መስታወት ሲነካ እንደሚሰማው ያለ። ከታች አይሰማም። ጉሬዛ መጋዙን ያጠፋል፤ ራቅ አድርጎ ያያል፣ ወደ ጣራዎቹ፣ የሆነ ሰው እንደጠራው። እኔም አያለሁ። ከዚያ መጋዙን መልሶ ያስነሳዋል። "ሰማህ?" ብሎኝ አያውቅም። እኔም ብዬው አላውቅም። ከወረድን በኋላ እንጨት እየጫንን ስለ እንጨቱ ነው የምናወራው።

አሥራ አራት ቀርተዋል። የመጨረሻዎቹ አራቱ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ያሉት ናቸው፤ ከሁሉም ረዣዥሞቹ። ክንዱ እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለበት።

ለእማዬ ይህን እንዳታነቢላት።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ወንድማለም፣

ለባሌ ጻፍኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጣፍጥ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላበዛ ጠየቅኩት። መለሰልኝ። ስለ ማንሻው አንድ መስመር ብቻ፤ "ወንድምሽ ፈሪ ሆኗል" ይላል። ፈሪ ብትሆን ኖሮ እዚያ ቅርጫት ውስጥ አትገባም ነበር። የፈራው ማን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ምን እንደፈራ ነው ያልገባኝ።

ልመጣ አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ ልብሴን ሸክፌ ፈታሁ። እማዬን ለማን ጥዬ? ትናንት ለግማሽ ሰዓት ወጥቼ ስመለስ ለመገላበጥ ሞክራ ከአልጋው ጠርዝ ላይ አገኘኋት። እንግዲህ የኔ እጅ ከዚህ አይደርስም። ያንተ ነው የሚደርሰው።

የቱ ይሻላል ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱም አይሻሉም። ሦስተኛ አለ። ሦስት ጊዜ ገጥመህለታል፤ አንድ ጊዜ ቁረጠው። ችኩሉም ሆነ ማንም መልሶ እንዳይበይደው አድርገህ ቁረጠው። አትንገረው፣ አትለምነው፣ ቁረጠው። ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ሳትደርሱ።

ይጣላህ ይሆናል። ይጣላህ። የተጣላን ሰው ማስታረቅ እችላለሁ።

ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው። ይህንንም ወረቀት አቃጥለው።

እህትህ


ኅዳር 30

ወንድማለም፣

ባለፈው ሳምንት መልስ ጠበቅኩ። መኪናው አልመጣም አልኩ። ዛሬ መጣ።

ሹፌሩ እንደ ወትሮው ጡሩንባ አልነፋም። የሞተሩን ድምፅ ሰምቼ ነው የወጣሁት።

"ደብዳቤ የለም?" አልኩት።

"አልሰጡኝም" አለ።

"ወንድሜን አየኸው?"

"ጋራዡ ዝግ ነበር።"

"በሥራ ቀን?"

"ዝግ ነበር፣ እትዬ።"

"ባሌንስ?"

ጎማ ሊያይ ጎንበስ አለ። ጎማው ምንም አልሆነም። ዱቄቱን አወረደልኝ፣ ሳልጠይቀው ተሸክሞ እስከ በር አደረሰልኝ። ሁልጊዜ ውሃ ጠይቆ ጠጥቶ፣ ከእማዬ ጋር ተሳስቆ ነው የሚሄደው። ዛሬ ቆብ እያስተካከለ "በሉ ደህና ሁኑ" ብሎ ሄደ። ዓይኔን አላየም። ይህ ሰው ወሬ የሚያስቀር አልነበረም። ወሬ የሚወድ ሰው ዝም ሲል ምን ይባላል?

እማዬ "አንብቢልኝ እንጂ" ስትለኝ የጥቅምቱን ደብዳቤህን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩላት። ከራሴም ጨመርኩበት፤ "አዲስ ጫማ ገዛሁ" አስባልኩህ። "ምን ዓይነት ጫማ?" አለች። "ቡናማ" አልኩ። ይኸው እንደዚህ ነው የዋልኩት።

ምንም ይሁን ምን ጻፍልኝ። ሁለት ቃል ይሁን። አንድ ቃል ይሁን።

እህትህ


ታኅሣሥ 5

እታለም፣

ጽሑፉ የኔ አለመሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። እኔ ነኝ የምናገረው፤ የሚጽፈው ባልሽ ነው። ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊጽፍ ተስማምተናል። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታሽን። ሹፌሩን ምንም እንዳይነግርሽ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አትቀየሚው። ከራሴ አፍ እንድትሰሚው ፈልጌ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ትንሽ አደጋ ነበር። ብረት ሲወርድ ቀኝ እጄን ትንሽ አገኘው። ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን ተኛሁ፣ አሁን እናንተ ቤት ነኝ። ሕመሙ እየቀነሰ ነው። በግራ እጄ ማንኪያ መያዝ እየለመድኩ ነው፤ እስክለምድ ባልሽ ያጎርሰኛል። ሲያጎርሰኝ እንደ ዛፍ ነው የሚያየኝ፤ በየት በኩል እንደሚጀምር ዞር ዞር ብሎ ያጠናል።

ማንሻው ከእንግዲህ አይሠራም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ ነው ያደረግኩት። ይህችን መስመር አስምርባት ብዬዋለሁ።

ለእማዬ ሥራ በዝቶበት ነው በያት።

ወንድምሽ

ከዚህ በታች ያለውን እሱ አላለኝም። እንቅልፍ ወስዶታል።

"ትንሽ" ባለበት ሁሉ ትንሽ ብዬ ጻፍኩ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ትንሽ አይደለም። ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት የለም። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ናቸው የቀሩት። ሐኪሙ ከዚያ በላይ ማትረፍ አልቻለም።

እሑድ ጠዋት ነበር። ሰኞ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ልንሄድ ነበር። መጋዙን ልሞርድ ስመጣ የጋራዡ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ የመቁረጫው ድምፅ ይሰማል። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። የማንሻውን ክንድ ዘርግቶ በግንድ ደግፎታል፤ ሥራውን ያውቃል። ክርኑን እየቆረጠ ነው። "ክፈት" ብዬ በሩን ደበደብኩ። "ስጨርስ" አለኝ፣ ዞርም አላለም። ሰደብኩት። ምን ብዬ እንደሰደብኩት ለአንቺ አልጽፈውም፤ እሱም እስካሁን አላነሳብኝም።

ገና ሩቡን አልቆረጠም ነበር። የቀረው በራሱ ሄደ። ክንዱ ተጠማዘዘና ከግንዱ ላይ ተንሸራተተ። በሩን ገንጥዬ ስገባ እጁ ከሥር ነበር። አልጮኸም። "ቀስ በል፣ ያንተን እግር እንዳያገኘው" አለኝ። እንደዚያ ነው ያለኝ። በማገዶ ግንድ ፈንቅዬ አወጣሁት።

ሐኪም ቤት ካስተኛሁት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ የተገነጠለውን አየሁት። ውስጡ ጥቁር ነው፤ የቆየ ዝገት። በዚያ ቀን የተገነጠለው፣ የሚያብለጨልጨው አዲስ ብረት፣ ከአውራ ጣቴ አይሰፋም። እኔና እሱ የቆምነው በዚያች ላይ ነበር። ሰኞም ልንቆም ነበር።

ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። የፈራው ማን እንደሆነ ገብቶኛል ብለሻል፣ ምን እንደፈራ ነው ያልገባኝ ብለሻል። ልንገርሽ። ጉልበቴ ሞቷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ በገመድ ሦስት ሜትር መውጣት አልችልም። ደረጃ ስንወርድ አንቺን የማስቀድመው ሌላ ሰው እስኪያልፍ የምጠብቅ መስሎሽ ነበር፤ ሳነክስ እንዳታይኝ ነው። ማንሻው ከቆመ እኔ ምድር ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። ይህን ማለት አፍሬ ወንድምሽን ፈሪ አልኩት።

ደብዳቤሽን ከኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። አላቃጠለውም። አንብቤዋለሁ። ያሰመርኩባትን መስመር ስጽፍ ውሸት መሆኑን አውቄ ነው የጻፍኩት፤ እሱ ግን ማወቄን አያውቅም። አልተቀየምኩሽም። አስቀድመሽ እኔን ጠይቀሽኝ ነበር፤ መልስ ያልሰጠሁሽ እኔ ነኝ።

የተጣላን ሰው ማስታረቅ እችላለሁ ብለሻል። እኔ አልተጣላሁትም። እሱም አልተጣላኝም፤ ያመሰግነኛል፣ ይቀልድልኛል። ስንጨርስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ያቺን እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ይከታል። በያጅ ነው፣ እጁ ነው ያለው። ምን እንደምለው አላውቅም። ዛፍ እንዴት እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ይህን አላውቅም።

ነይ።


ታኅሣሥ 9

ለሁለታችሁም፣

ከሹፌሩ ጋር ሐሙስ እመጣለሁ፤ እስክመለስ ያቺ የማትነሳው ጎረቤት እማዬ ዘንድ ልትሰነብትልኝ እሺ ብላለች። ይህን ደብዳቤ ቀድሞኝ እንዲደርስ በሌላ መኪና ነው የላክሁት።

ወንድማለም፣ ያሰመርክባትን መስመር አነበብኳት። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፤ ባሌም ያውቃል። ከእንግዲህ ብቻህን አትሸከመውም። ቁረጠው ስልህ እንጨት እንደምፈልጥ ነበር ያሰብኩት፤ ብረት ሲለቅ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር፣ መጠየቅ ሲገባኝም አልጠየቅኩህም። ይህ እድሜዬን ሙሉ የኔ ነው። ይቅር በለኝ ብዬ ዛሬ አልጠይቅህም፤ እጅህን ሳላይ መጠየቅ አልችልም።

አንተ ጸሐፊው፣ ስለ ጉልበትህ አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃው ሥር ቆሜ የምጠብቅህ ለምን ይመስልሃል? አንተ እስክትነግረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሁለታችንም ዝም ማለት አበዛን፣ የከፈለው ግን ሦስተኛ ሰው ነው። የአጥሩን ጥግ ዛፎች አትንካ። ነፋሱ እዚህ ጀምሯል፣ እዚያም ይጀምራል፤ ቢወድቁም ለኃላፊው ሄደህ "አልችልም" በለው። እኔ ሳልመጣ በራስህ አፍ በለው።

አሁን የእማዬን ነገር።

ደብዳቤውን ላነብላት ስቀመጥ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ፊደል አትቆጥርም፤ ግን ስንት ዓመት ጽሑፍህን ስታይ ኖራለች። ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አየችው።

"ይሄ የልጄ እጅ አይደለም" አለች።

"የልጄ እጅ የት ሄደ?"

ልዋሻት አፌን ከፍቼ ነበር። ቡናማ ጫማ የገዛሁልህ እኔ፣ አንድ ውሸት አጣሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስንጥቁን፣ ቀለሙን፣ ቁረጠው ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ጣቶቹን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንባ አልነበራትም። ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ላይ አስቀመጠችና፣

"ሁለቱም በሕይወት አሉ?" አለችኝ።

"አሉ።"

"ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"